«አንዴ አሸንፈው» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በሦስት ሰው በኩል ደረሰኝ። ርእሱ «ውሻህን ንጹሕ አድርገህ ያዝ» ይላል። የላኩልኝ ሰዎች ሦስቱም ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን መጥተው ዳማን የሚያውቁ ናቸው። ዳማ ውሻዬ ነው። አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው ተብሎ ነው የተሰጠን። ጆሮው ግን እንደ አባቱ አልቆመም፣ ወድቆ ቀረ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ጆሮ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ውሻ በየሳምንቱ በሳሙና ይታጠብ። እምቢ ካለ አፉን በገመድ አስረህ፣ ለሁለት ይዛችሁ ጨርሱት፤ «አንዴ አሸንፈው፣ ሁለተኛ አያስቸግርህም»። ጆሮውን ጥጥ ባለው የጆሮ እንጨት እስከ ሥሩ ጥረግ። ቡችላ ሳለ ጆሮው ቢቆረጥ ደግሞ ከነአካቴው አይታመምም። መዥገር ካለበት ላምባ ወይም የከብት መድኃኒት ቀባው። በመጨረሻም፣ ማልመድ ከቡችላነት ነው፤ ካደገ ውሻ ጋር አትድከም።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ውሻ ማለት በር ላይ የታሰረ ጩኸት ብቻ በሆነበት አገር ስለ ውሻ ጆሮ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ራሱ ደስ ይላል። ግማሽ እውነት የሆነ ነገርም ብለዋል፤ እመለስበታለሁ። የቀረውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አብዛኛውን እኔው ራሴ ሞክሬው አይቻለሁና።

ከእጥበቱ ልጀምር። የጎንደርን ውሃ ለጎንደር ሰው አልነግርም። ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን እየጠበቅን፣ ጄሪካን ደርድረን የምንኖር ሰዎች ነን። በየሳምንቱ ሁለት ጄሪካን ውሻ ላይ ሳፈስ ብታየኝ እናቴ ቤቱን ጥላልኝ ትወጣለች። ውሃው ሞልቶ ቢፈስስ እንኳ ምክሩ ልክ አይደለም። የሰው ቆዳ ወደ አሲድ ያደላል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5.5 አካባቢ ነው። የውሻ ቆዳ ግን ወደ 7 ይጠጋል። ለእኛ የተሠራ ሻምፖ ለእሱ አይሆንም፤ የልብስ ሳሙናማ አይነሣ። ቆዳውን የሚጠብቀውን ቅባት ጠራርጎ ይወስደዋል። ቆዳው ይደርቃል፣ ውሻው ያካል። እኛ ደግሞ «እከክ ያዘው» ብለን እንደገና እናጥበዋለን።

ውሻው ሲሸት ወይም ጭቃ ውስጥ ሲንከባለል ይታጠብ። ለአብዛኛው ውሻ በወር አንዴ፣ ከዚያም ዘግየት ብሎ ይበቃዋል። ሻምፖው ለውሻ የተሠራ ይሁን። ሰዓቱ ደግሞ ረፋድ ላይ፣ 4 ወይም 5 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ነው። የጎንደር ምሽት እርጥብ ውሻን አይምርም። በየሳምንቱ የሚያስፈልገው ውሃ ሳይሆን ብሩሽ ነው። ብሩሽ የሞተውን ፀጉር ያወጣል፣ ቅባቱን በፀጉሩ ላይ ያዳርሳል። እጅህ በዚያው ሰውነቱን ይፈትሻል። ዳማ ብብት ሥር የነበረውን ቁስል ያገኘሁት እየቦረሽኩት ነው፤ ባጥበው አረፋው ይሸፍነው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «አንዴ አሸንፈው።»

አምና ክረምት ዳማ ጭንቅላቱን ማራገፍ አበዛ። ጆሮው ጠረን ነበረው። ያኔ እኔም ልክ እንደ ጸሐፊው ነበር የማስበው። ወንድሜ ከላይ ሆኖ ያዘው፣ አፉን በሻሽ አሰርነው፣ እኔ ፎጣና የጆሮ እንጨት ይዤ ገባሁበት። ጮኸ። ሲንፈራገጥ የወንድሜን እጅ በጥፍሩ ቧጠጠው። ከሩብ ሰዓት ትግል በኋላ ጆሮው ጸዳ፤ ማለቴ የሚታየው ክፍል ጸዳ። አሸነፍነው ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ላይ የተሰጣ ፎጣ ላነሣ ወጣሁ። ዳማ ፎጣውን እጄ ላይ ሲያይ ጆሮውን አጣጥፎ፣ ጅራቱን ወሽቆ፣ ከማገዶው ጀርባ ገባ። ፎጣው የእኔ የራሴ ነበር። ልነካው አላሰብኩም። ራት ሰዓት ድረስ አልወጣም።

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ጥናት ነው። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ግን በውሾቹ ምራቅ ነው። ምግብ ከመምጣቱ በፊት አንድ ምልክት በተደጋጋሚ ከሰሙ፣ ቆይቶ በምልክቱ ብቻ ምራቃቸው ይመጣል። ፍርሃትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ፍርሃት መደጋገም እንኳ አያስፈልገውም፤ አንዴ ይበቃዋል። እኛ ለዳማ ጽዳት አላስተማርነውም። ፎጣ ማለት ሕመም ነው ብለን አስተማርነው። እሱም ጎበዝ ተማሪ ነው።

ጸሐፊው «ሁለተኛ አያስቸግርህም» ያሉት ምናልባት ዝም ያለ ውሻ አይተው ይሆናል። የደነዘዘ ውሻ ግን የተስማማ ውሻ አይደለም። ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ነገር ይናገራል። ከንፈሩን ይልሳል። እንቅልፉ ሳይመጣ ያዛጋል። ፊቱን አዙሮ በዓይኑ ጠርዝ ያይሃል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ከዚያ ያጉረመርማል። ይህን ሁሉ ተናግሮ የሚሰማው ካጣ፣ ወይም ባጉረመረመ ቁጥር ከተመታ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማስጠንቀቂያውን ይዘለውና በቀጥታ ወደ ጥርስ ይሄዳል። ሰዉም «ድንገት ነከሰኝ» ይላል።

አፍ ማሰሩም ሌላ ጣጣ አለው። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። አፉን ጥርቅም አድርገህ አስረህ ፀሐይ ላይ ስትታገለው ልታፍነው ትችላለህ። የግድ ከሆነ የቅርጫት ቅርጽ ያለው፣ አፉን ከፍቶ ማለክለክ የሚያስችለው ማሰሪያ አለ። እሱንም ቢሆን ቀስ ብሎ በምግብ ማልመድ ነው።

ይህን የቅንጦት ወሬ የሚያደርጉት ሰዎች አሉ። እኔ አይመስለኝም። የእብድ ውሻ በሽታ በእኛ አካባቢ የታሪክ ነገር አይደለም፣ አሁንም ሰው ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ፣ ከዚያም በወቅቱ መደገም አለበት። እጅ የማያስነካ ውሻ ማን ይከትበዋል? ጎንደር የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ ይዛ ውሻዋን ሐኪም ፊት ማቆም ካልቻለች ምን ዋጋ አለው? እግረ መንገዴን፣ የትኛውም ውሻ ቢነክስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጸበሉም አይቀርም፤ ክትባቱ ግን ይቅደም።

ታዲያ ምን ላድርግ ላለኝ፣ እኔ ያደረግሁትን ልንገር። ያሳየኝ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሙያው የእሱ ነው፣ ትዕግሥቱ ግን የእኔ ነው።

አንዲት ቃል መረጥን፤ «ጎሽ»። መጀመሪያ ምንም ሳልነካው «ጎሽ» እልና ቁራሽ እሰጠዋለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ቃሏን ሲሰማ ዓይኑ እጄን መፈለግ ጀመረ። ከዚያ ትከሻውን ነካ፣ ጎሽ፣ ቁራሽ። አንገቱን ነካ፣ ጎሽ፣ ቁራሽ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ መንካቱ ይቀድማል፣ ምግቡ ይከተላል። ምግቡን አስቀድመህ ካሳየኸውና ከዚያ ከያዝከው፣ ምግቡ ራሱ የወጥመድ ምልክት ይሆንበታል። በአንደኛው ሳምንት ጆሮው ላይ አልደረስኩም። በሁለተኛው የጆሮውን ሥር ነካሁ። ከዚያ ጆሮውን ገለጥ አድርጌ ወዲያው መልቀቅ። ከዚያ ገልጦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መቁጠር። ፎጣውን መጀመሪያ ሩቅ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። በየቀኑ በአንድ ክንድ ያህል ቀረበ።

ፊቱን ካዞረ አቆማለሁ። ይህ ነው የሚከብደው። እጅህ «ትንሽ ቀረኝ እኮ» ይልሃል። ግን ፊቱን ሲያዞር ካቆምክለት፣ ማጉረምረም አያስፈልገውም ማለት ነው። ነገ ራሱ ይመጣል። ዳማ በአምስተኛው ሳምንት አገጩን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ መጠበቅ ጀመረ። አላስተማርኩትም፤ ቁራሹ ከየት እንደሚመጣ ስላወቀ ነው። አገጩ ካለ እንቀጥላለን፣ ካነሣው እናቆማለን። ውላችን ይኸው ነው።

ጊዜ የለኝም የሚል ካለ፣ ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። እኔ የማደርገው በአቦልና በቶና መካከል ነው። ውሃው እስኪፈላ አንድ ጆሮ ያልቃል። እናቴ መጀመሪያ ስታየኝ ሲኒዋን እንደያዘች ቀረች።

«አንቺ ልጅ፣ ውሻውን ለሙሽርነት ነው የምታዘጋጂው?»

«ጆሮውን እያየሁለት ነው፣ እማ።»

«እና አሁን ሌባ ቢመጣ ጆሮውን ሊያሳየው ነው?»

የእናቴ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። የተዳበሰ ውሻ ጥበቃ ይተዋል ይባላል። ዳማ ግን ዛሬም የቆሻሻ ጋሪ ሲያልፍ አጥሩን ሊያፈርሰው ይደርሳል። ለባለቤቱ መገዛትና ለሌባ መገዛት አንድ አይደለም። እንዲያውም ባለቤቱን የማይፈራ ውሻ ሲጮህ ከልቡ ነው።

ስለ ቁራሹ አንድ ነገር። ስጋ ቀቅሎ ጣት ጫፍ አሳክሎ መቆራረጥ ከሁሉም ይበልጣል። ጨው አይኑረው። ከወጥና ከጥብስ የተረፈ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ሁዳዴ ሲገባ ችግር ነው፤ ዳማ አይጾምም፣ ቤቱ ግን 55 ቀን ይጾማል። ያኔ በቅቅል ድንችና በካሮት ዘለቅነው። ድንቹን እንደ ስጋ አልወደደውም፣ ግን አልተጣላንም። ሌላው፣ የቡሄ ሰሞን አትጀምሩ። ጅራፍ በጮኸ ቁጥር የሚበረግግ ውሻ ምንም አይማርም።

ወደ ጆሮ እንጨቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው በጣም ስተዋል። የውሻ የጆሮ ቱቦ እንደ እኛ ቀጥ ያለ አይደለም። መጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ጭንቅላቱ ይገባል። ታምቡሩ ያለው ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። በእንጨት «እስከ ሥሩ» ስትጠርግ ኩኩን እየጠቀጠቅህ ወደ መታጠፊያው ትሰደዋለህ እንጂ አታወጣውም። ውሻው በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቱን ካራገፈ ደግሞ እንጨቱ የሚያርፍበትን አንተም አታውቀው። እኔ አምና ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጠረኑ በሳምንቱ ብሶ ተመለሰ።

በዚያ ላይ ጤነኛ ጆሮ ሁልጊዜ መጽዳት የለበትም። በሳምንት አንዴ ገልጦ ማየትና ማሽተት ይበቃል። ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነና ካልሸተተ ተወው፤ አብዝቶ ማጽዳት ራሱ ያስቆጣዋል። ትንሽ ኩክ ካለ ከእንስሳት ፋርማሲ የሚገኝ የጆሮ ማጽጃ ፈሳሽ አለ። ጠርሙሱን እጅህ ውስጥ ይዘህ ለብ አድርገው፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጆሮህ ውስጥ ቢገባ አንተም ትዘላለህ። ቱቦው ውስጥ ታፈስሳለህ፣ ከጆሮው ሥር ያለውን ክፍል ለ20 ወይም 30 ሰከንድ ታሻለህ። ቸፍ ቸፍ የሚል ድምፅ ከሰማህ ትክክል ነህ። ከዚያ ትለቀዋለህ። ያራግፈዋል፤ ሥራውን ራሱ ይጨርሰዋል። አንተ ጣትህ ላይ ጥጥ ወይም ጎዝ ጠቅልለህ ጣትህ የደረሰበትን ብቻ ትጠርጋለህ። ነጭ ልብስ አትልበስ። አልኮልና ቁስል ላይ አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ አይገቡም፤ ያቃጥላሉ። ዘይትና ቅቤም ይቅርበት።

ጆሮው ከቀላ፣ ከሸተተ፣ መግል ካለው፣ ሲነኩት ካመመው ወይም ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ምንም አታፍስስበት። ታምቡሩ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ወደ ሐኪም ነው። ውስጡ እንደ ጀበና አተላ ጥቁርና ፍርፍር ያለ ነገር ከሞላውም የጆሮ ነቀዝ ሊሆን ይችላል፤ በዓይን የማይለይ ተባይ ነው። ከውሻ ወደ ድመት፣ ከድመት ወደ ውሻ ስለሚተላለፍ ግቢ ውስጥ ያሉት ሁሉ አብረው መታከም አለባቸው። ችላ ከተባለ ውሻው ጭንቅላቱን ሲያራግፍ ጆሮው ውስጥ ያለ የደም ሥር ይፈነዳና ጆሮው እንደ ሳምቡሳ ያብጣል። አይቻለሁ። ደስ አይልም።

ጆሮ መቁረጡን በተመለከተ ብዙ አልልም። የጆሮ በሽታ የሚጀምረው ከቱቦው ውስጥ ነው፤ አለርጂ፣ ነቀዝ፣ እርጥበት፣ መስከረም ላይ ደግሞ ከሣሩ መካከል የሚገባ ጭጎጎት። ከላይ ያለውን ቆዳ ብትቆርጠው ከእነዚህ አንዱንም አታስቀርም። በአገራችን ጆሮ የሚቆረጠው ለጤና ተብሎም አይደለም፤ ውሻው ጨካኝ እንዲሆን ነው። ለዚያም ቢሆን አይሠራም። ውሻ ፍርሃቱን፣ ደስታውንና ቁጣውን ከሚናገርበት ነገር አንዱ ጆሮው ነው። ያን ቆርጠህ ጥለህ «ውሻዬ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም» ማለት ምን የሚሉት ነው?

መዥገሩ። ላምባ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሻው ደግሞ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል። የከብት መድኃኒት ያሉት አብዛኛው ሰው በእጁ ያለው ዳያዚኖን ነው። ለበግና ለከብት በልክ ተበጥብጦ የሚረጭ መርዝ ነው። በጨርቅ ነክረህ ውሻ ላይ ብታሸው ምራቁ መዝረብረብ፣ ሰውነቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሊሞትም ይችላል። መዥገር ሲገኝ ወረንጦ ነው። ከቆዳው አጠገብ፣ አፉ የተጣበቀበት ላይ ያዝ፣ ሳታጣምም ቀጥ አድርገህ ሳብ። በጥፍርህ አታፈንዳው። ጆሮው እጥፋት ውስጥና በእግሩ ጣቶች መካከል ደግመህ ፈልግ፤ እዚያ መደበቅ ይወዳሉ። ለዘለቄታው ለውሻ የተዘጋጀ፣ በክብደቱ ልክ የሚሰጥ መከላከያ ሐኪሙ ያዝዝልሃል።

አሁን ግማሽ እውነት ወዳልኩት። ማልመድ ከቡችላነት ነው ብለዋል። እውነት ነው። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንቱ እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ ያየውንና የነካውን ሁሉ የዓለም ሥርዓት ነው ብሎ ይቀበላል። በዚያ ጊዜ ጆሮውን፣ መዳፉን፣ አፉን በየቀኑ በጨዋታ መሐል የነካህለት ውሻ ዕድሜ ልኩን አያስቸግርህም። ዳማ ያንን አላገኘም፤ እኛ ጋ ሲመጣም ማንም ጆሮውን አልነካለትም።

«ካደገ ውሻ ጋር አትድከም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ዳማ ሁለተኛ ሀ ብለን ስንጀምር አራት ዓመቱ ነበር፤ ያውም በእኛው እጅ የተበላሸ ውሻ። ይዘገያል እንጂ ይማራል። የቀኝ ጆሮውን አሁን ያለ ምንም ትግል እናጸዳለን። የግራው ያኔ የታገልንበት ነው፤ ጎዙን ይቀበላል፣ ጠርሙሱን ግን ገና አላመነውም። ትናንት ማታ ጠርሙሱን ጉልበቴ አጠገብ አስቀመጥኩት። ቀርቦ አሸተተው፣ ወደ ኋላ አለ፣ እንደገና አሸተተው። «ጎሽ» አልኩት። እናቴ ሳላያት ከኋላዬ መጥታ ከእጇ ቁራሽ ዳቦ ወረወረችለት።

«እኔም ጎሽ ልበለው?» አለችኝ።